በካፋ ዞን የኦንኮሰርኪያሲስ መድኃኒት እደላና ምዘናው

በካፋ ዞን የኦንኮሰርኪያሲስ መድኃኒት እደላ ምዘና ማለት ለዚህ በሽታ በየመንደሩ የሚታደለው አይቨርሜክቲን ምን ያህል እንደሚሠራ፣ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅና መቼ ሊቆም እንደሚገባ የሚለካበት አሠራር ነው። በካፋና በአጎራባቹ ሸካ በማኅበረሰብ የሚመራ የአይቨርሜክቲን እደላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት እደላ ከተጀመረባቸው የመጀመሪያ አካባቢዎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ በነጻ ስለሚገኝ «ያዋጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መልሱ ምን እንደ ወጪ፣ ምን ደግሞ እንደ ጥቅም እንደሚቆጠር ይለያያል። ዓይነ ስውርነትን ብቻ የሚቆጥር ምዘናና የቆዳ ማሳከክን ጨምሮ የሚቆጥር ምዘና ስለ ካፋ ተመሳሳይ መልስ አይሰጡም።

በሽታውና አካባቢው

ኦንኮሰርኪያሲስ በተለምዶ «የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት» ይባላል። የሚያመጣው ኦንኮሰርካ ቮልቩለስ የተባለ ጥገኛ ትል ሲሆን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ጥቁር ዝንብ ነው። የዝንቡ እጭ የሚያድገው ኦክስጅን በሞላበት ፈጣን ወራጅ ውኃ ውስጥ ስለሆነ በሽታው የሚጸናው በወንዝ አቅራቢያ በሚኖሩና በሚያርሱ ሰዎች ላይ ነው። ካፋ ዝናባማ፣ ደናማና ወንዝ የበዛበት ዞን ነው፤ በሰሜን በኩል የሚያዋስነው የጎጀብ ወንዝ ወደ ኦሞ ይፈስሳል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተለዩት የጥቁር ዝንብ ዝርያዎች አንዱ ሲሙሊየም ካፋኤንሴ የተባለው በአካባቢው ስም ነው።

የዞኑ ዋና ከተማ ቦንጋ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2021 የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫም ናት። ኦንኮሰርኪያሲስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1939 በጣሊያን ተመራማሪዎች ነበር።

ጎልማሳዎቹ ትሎች ከቆዳ ሥር በሚፈጠሩ ጓጓላዎች ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራሉ። እንስቷ ትል ማይክሮፊላሪያ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን እጮች ትወልዳለች፤ ሕመሙን የሚያመጡትም እነዚህ በቆዳና በዓይን ውስጥ የሚንቀሳቀሱ እጮች ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና በሽታው በዋነኝነት የሚታወቀው በሚያደርሰው ዓይነ ስውርነት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ከበሽታው የሚመጣ ዓይነ ስውርነት ጥቂት ሲሆን የቆዳ ጉዳቱ ብዙ ነው፦ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ፣ የቆዳ መሻከርና መወፈር፣ በቅልጥም ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም አይሄድም። ስለዚህ የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻውን የበሽታውን ስፋትም ሆነ የሕክምናውን ጥቅም አያሳይም፤ መለኪያው መንደር ድረስ መውረድ አለበት።

መድኃኒቱ ይሠራል ወይ?

ከአይቨርሜክቲን በፊት የነበሩት ሁለት መድኃኒቶች፣ ዳይኤቲልካርባማዚንና ሱራሚን፣ ለብዙኃን እደላ አይሆኑም ነበር። የመጀመሪያው እጮቹን በፍጥነት ሲገድል ከባድ የሰውነት መቆጣት ያስከትላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥና መርዛማነት ያለው ነው። አይቨርሜክቲን ግን በክኒን መልክ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። ለሰው እንዲውል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ አምራቹ ሜርክ በዚያው ዓመት ለበሽታው አስፈላጊ የሆነውን ያህል፣ አስፈላጊ እስከሆነበት ጊዜ ድረስ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ለመድኃኒቱ መገኘት መሠረት የጣሉት ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

አንድ ጊዜ የተወሰደ አይቨርሜክቲን በአንድ ወይም በሁለት ወር ውስጥ በቆዳ ያሉትን እጮች ከ95 ከመቶ በላይ ይቀንሳል። ጎልማሳዎቹን ትሎች ግን አይገድልም፤ ለጥቂት ወራት እጭ ከመልቀቅ ያግዳቸዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ እጮቹ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ። እደላው ለብዙ ዓመታት መደጋገም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የእጭ ቁጥር መቀነስና የሰው ስቃይ መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም። ማሳከክ ብዙ መንስኤ አለው፤ እከክ፣ አለርጂና የነፍሳት ንክሻም ያሳክካሉ። ከዚህም ሌላ ሕመም በራሱ ጊዜ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ በማሳከክ ላይ ያለው ውጤት የተለካው ሰዎችን በዕጣ ለሁለት በመክፈል ነበር፤ አንዱ ቡድን አይቨርሜክቲን ሲወስድ ሌላው መድኃኒት የሌለበት መሰል ክኒን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በናይጄሪያ፣ በጋናና በኡጋንዳ የተካሄደ እንዲህ ያለ ሙከራ ከስድስት ወር ጀምሮ ባለው ክትትል ከባድ ማሳከክ ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ሲተያይ ከ40 እስከ 50 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

የማነጻጸሪያ አስፈላጊነት በኢትዮጵያም ታይቷል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ቀደም ሲል ኦንኮሰርኪያሲስ ተመዝግቦ የነበረበት አካባቢ ከዐሥርተ ዓመታት በኋላ እንደገና ሲመረመር፣ መድኃኒት ሳይታደልበት በሽታው ጠፍቶ ተገኝቷል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። እዚያ መድኃኒት ታድሎ ቢሆን ኖሮ የጠፋበት ምክንያት መድኃኒቱ ነው ተብሎ ሊመዘገብ ይችል ነበር። «ከእደላው በፊት ብዙ ነበር፣ አሁን ጥቂት ነው» የሚል ማስረጃ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

እደላው በመንደር

ጥሩ መድኃኒት በሙከራ ያሳየውን ውጤት በመንደር የሚደግመው ሰው ሲውጠው ብቻ ነው። በማኅበረሰብ በሚመራው አሠራር ነዋሪዎች ራሳቸው አዳዮችን ይመርጣሉ፣ የእደላውንም ጊዜ ይወስናሉ። አዳዩ ክብደት መመዘኛ አያስፈልገውም፤ መጠኑ የሚወሰነው ቁመት በተቀለመበት ዘንግ ነው። ከ90 እስከ 119 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው አንድ፣ ከ120 እስከ 140 ሁለት፣ ከ141 እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ አራት ክኒን ይሰጣል። ሚዛንን በዘንግ መተካት ሥራውን ቀላልና ርካሽ አድርጎታል። ከ90 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ከወለዱ አንድ ሳምንት ያልሞላቸው የሚያጠቡ እናቶችና በጠና የታመሙ ሰዎች አይወስዱም።

ሽፋን ሲለካ ሁለት ቁጥሮች ይለያሉ። አንደኛው ከአዳዮች መዝገብ የሚገኝ ሲሆን የታደለውን ክኒን በነዋሪው ቁጥር በማካፈል ይሰላል። የነዋሪው ቁጥር ግምት ከተሳሳተ ሽፋኑም ይሳሳታል፤ በቡና ለቀማ ወቅት ሰዎች ከቦታ ቦታ በሚንቀሳቀሱበት አካባቢ ደግሞ ስሕተቱ ይሰፋል። ሁለተኛው በዕጣ የተመረጡ ቤተሰቦችን «በመጨረሻው ዙር ክኒኑን ውጠዋል ወይ?» ብሎ በመጠየቅ የሚገኝ ነው። ከአማካይ ሽፋኑ ባልተናነሰ የሚፈለገው መረጃ በየዙሩ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ ነው። በየጊዜው የተለያዩ ሰዎች ቢቀሩ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀሩት ያው ሰዎች ከሆኑ ግን በአማካዩ የማይታይ የትል ምንጭ ይሆናሉ።

ወጪው እንዴት ይቆጠራል?

በጤና ኢኮኖሚክስ የገንዘብ ወጪና የኢኮኖሚ ወጪ ይለያያሉ። የገንዘብ ወጪ ከካዝና የሚወጣው ነው፦ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ወደ ቦንጋ ከዚያም ወደ ወረዳና ቀበሌ ማጓጓዝ፣ ሥልጠና፣ መዝገብና የቁመት ዘንግ፣ የተቆጣጣሪዎች አበልና ነዳጅ። የኢኮኖሚ ወጪ ደግሞ ክፍያ ባይፈጸምበትም ለሌላ ሥራ ሊውል ይችል የነበረውን ሁሉ ይጨምራል።

ልዩነቱ በካፋ ዓይነት ቦታ ትልቅ ነው። የመድኃኒቱ ዋጋ ለመንግሥት ዜሮ ቢሆንም ለለጋሹ ዜሮ አይደለም። የመንደሩ አዳይ ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን ተራርቀው የተሠሩ ቤቶችን በእግሩ ሲያዳርስ የሚያልፉት ቀናት ማሳው ላይ ሊያውላቸው የሚችሉ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በእደላው ሳምንት ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ ሥራዋን ትቀንሳለች። እነዚህን ያልቆጠረ ምዘና ፕሮግራሙን ከእውነቱ ይልቅ ርካሽ አድርጎ ያሳያል፤ አዳዮች ሲደክሙና ሲተዉም ምክንያቱ ከስሌቱ ውስጥ አይገኝም።

ጥቅሙ እንዴት ይቆጠራል?

የዓለም ባንክ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባወጡት ስሌት፣ ከ1974 እስከ 2002 የቆየው የምዕራብ አፍሪካ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም 20 ከመቶ፣ ከ1995 እስከ 2015 የቆየውና ኢትዮጵያን ያቀፈው የአፍሪካ ኦንኮሰርኪያሲስ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ደግሞ 17 ከመቶ ኢኮኖሚያዊ ትርፍ እንደሚያስገኙ ተገምቶ ነበር። ስሌቶቹ በዋነኝነት የተመሠረቱት ከዓይነ ስውርነት በሚድነው የሰው ጉልበት ላይ ነው። ይህ መለኪያ ዓይነ ስውርነት ጥቂት በሆነበት ካፋ ላይ እንዳለ ቢጫን የእደላው ጥቅም ከእውነቱ አንሶ ይታያል።

የቆዳ ጉዳትን በገንዘብ የለካው ታዋቂ ጥናት የተሠራው ከካፋ አጎራባች በሆነው ሸካ፣ በቴፒ የቡና ልማት ነው። ኤህዩንግ ኪም፣ አጃይ ታንደን፣ አስራት ኃይሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ባንክ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሽታው ያመጣው የቆዳ ሕመም ያለባቸው ቋሚ ወንድ ሠራተኞች የቀን ገቢ እንደ ሕመሙ ክብደትና እንደ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ጥናቱ በሽታው ሰውን ሳያሳውርም የዕለት ገቢውን እንደሚነካ በቁጥር አስቀምጧል።

ውጤቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥናቱ በዕጣ የተደለደለ ሙከራ አልነበረም፤ የታመሙትና ጤነኞቹ በሌላ ነገርም ሊለያዩ ይችላሉ። የለካው ደግሞ በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለን ገቢ ነው። የካፋ ነዋሪ አብዛኛው የራሱን ማሳ የሚያርስ፣ ቡናና ማር የሚሰበስብ ገበሬ ነው፤ የሴቶች የቤት ሥራም በየትኛውም የደመወዝ መዝገብ ላይ የለም።

ገቢን ብቻ ከመቁጠር ለመውጣት በሕመም የባከኑ የጤናማ ሕይወት ዓመታት የሚባል መለኪያ ይሠራበታል፤ በባለሙያዎች ዘንድ ዳሊ ይባላል። በሞት የጠፉ ዓመታትንና በሕመም የተጓደሉ ዓመታትን ይደምራል። ለእያንዳንዱ ሕመም ከዜሮ (ሙሉ ጤና) እስከ አንድ (ሞት) የሚደርስ ክብደት ይሰጠዋል። የማሳከክ ክብደት ከዓይነ ስውርነት ክብደት ያነሰ ነው፤ የሚያሳክካቸው ሰዎች ግን ብዙ ስለሆኑና ለረጅም ዓመታት ስለሚቆይባቸው ድምሩ ትልቅ ይሆናል። በአንጻሩ በትዳርና በማኅበራዊ ኑሮ የሚደርሰው መገለል በዚህ ቁጥር ውስጥ በደንብ አይታይም።

በዓመት አንዴ ወይስ ሁለቴ?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 ግቧን በሽታውን ከመቆጣጠር ወደ ጨርሶ ማጥፋት ቀየረች፤ እደላውም በደረጃ በየስድስት ወሩ እንዲሆን ተደረገ። እዚህ ላይ የሚጠየቀው «ሁለት ጊዜ ማደል ከምንም ይሻላል ወይ?» ሳይሆን «ከአንድ ጊዜ እደላ በላይ ምን ይጨምራል? በምን ያህል ተጨማሪ ወጪ?» የሚለው ነው። መልሱ የሚገኘው የወጪውን ልዩነት በጤና ጥቅሙ ልዩነት በማካፈል ነው።

ሁለት ጊዜ ማደል ወጪውን እጥፍ አያደርገውም፤ ሥልጠናውና መዝገቡ የጋራ ናቸው። በጋና የተደረገ ጥናት የዓመት ወጪው 60 ከመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህን ለማብራራት የታሰበ አንድ ወረዳ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። በዓመት አንዴ ማደል 20,000 ብር፣ ሁለቴ ማደል 32,000 ብር ይፈጃል እንበል። አንዴ በማደል ሥርጭቱን ለማቋረጥ 20 ዓመት፣ ሁለቴ በማደል 12 ዓመት ቢያስፈልግ ጠቅላላ ወጪው እንደ ቅደም ተከተሉ 400,000 እና 384,000 ብር ይሆናል። ሁለት ጊዜ ማደል የረከሰ ይመስላል።

ነገር ግን ወደፊት የሚወጣ ብር ዛሬ ከሚወጣ ብር እኩል አይቆጠርም። በተለመደው 3 ከመቶ የዓመት ቅናሽ ሲሰላ አንዴ ማደል ወደ 297,500፣ ሁለቴ ማደል ወደ 318,500 ብር ይሆናል፤ ደረጃቸው ተገለበጠ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውሳኔው የሚያርፈው በ21,000 ብሩ ልዩነት ስንት የማሳከክ ዓመታት እንደሚቀሩ ላይ ነው። ሁለቱም ስሌቶች ትክክል ናቸው። ስለዚህ አንድ ዘገባ «ወጪ ይቆጥባል» ሲል በስንት ዓመትና በየትኛው የቅናሽ መጠን እንደተሰላ መታየት አለበት።

በሽታውን የማግኛ ምርመራዎች

ለየደረጃው የሚስማማው ምርመራ የተለያየ ነው።

ጓጓላ መዳሰስ፦ እደላ ከመጀመሩ በፊት አካባቢዎችን ለመለየት ይውላል። መሣሪያ ስለማይፈልግ ርካሽና ፈጣን ነው። ከተዳሰሱት አዋቂዎች 20 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆኑት ጓጓላ የተገኘባቸው መንደሮች በእደላው ይካተቱ ነበር። ግቡ ማጥፋት ሲሆን ግን ከዚህ በታች ያሉ መንደሮችም መታየት አለባቸው።

የቆዳ ቅንጣቢ፦ ከዳሌ አካባቢ ትንሽ ቆዳ ተቆንጥሮ በፈሳሽ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ የሚወጡት እጮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። የተገኘ እጭ አስተማማኝ ማስረጃ ነው፤ እደላው እጮቹን ባመናመነ ቁጥር ግን ምርመራው ብዙዎችን ያመልጣል። ስለሚያምም ለተደጋጋሚ ምርመራ ፈቃደኛ የሚሆነው ሰው ይቀንሳል።

ኦቪ16፦ ሰውነት ለትሉ የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ጠብታ ይፈልጋል። አንድ ሰው ከዳነ በኋላም ለዓመታት ሊታይ ስለሚችል በአዋቂዎች ላይ የቀድሞውን ከአሁኑ አይለይም። ስለዚህ የሚመረመሩት ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ከተገኘ ሥርጭቱ በቅርብ ዓመታት እንደነበረ ያሳያል።

የዝንብ ምርመራ፦ የተያዙ ጥቁር ዝንቦች ጭንቅላት ተሰብስቦ የትሉ ዘረመል ይፈለጋል። ጭንቅላቱ የሚመረጠው ለማስተላለፍ የደረሰው እጭ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ ነው።

መቼ ይቁም?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እደላን ለማቆም ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ከ10 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ኦቪ16 የተገኘባቸው ከ0.1 ከመቶ በታች መሆን፣ እንዲሁም አስተላላፊ ዝንቦች ከ2,000 ከአንድ በታች መሆን።

እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ለማረጋገጥ ብዙ ናሙና ያስፈልጋል። ምንም ካልተገኘ እውነተኛው መጠን በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ከ3 ለናሙናው ብዛት አይበልጥም የሚል ቀላል ሕግ አለ። 6,000 ዝንብ ተመርምሮ አንድም ካልተገኘ 3 ለ6,000 ማለትም 1 ለ2,000 ይሆናል። በ100 ዝንብ ላይ ምንም አለመገኘቱ ግን እስከ 3 ከመቶ የሚደርስ መጠንን አያስወግድም።

የምርመራው ስሕተትም ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል። 2,000 ጤነኛ ልጆች ቢመረመሩና ምርመራው ከ100 ጤነኞች 99ኙን በትክክል ነጻ ቢል፣ 20 ልጆች በስሕተት «አለባቸው» ይባላሉ። የማቆሚያው ወሰን በ2,000 ልጆች ላይ 2 ብቻ ስለሆነ፣ በሽታው ፈጽሞ በሌለበት ወረዳ እደላው ለዓመታት ሊቀጥል ነው። ለሌላ በሽታ በጣም ጥሩ የሚባል ምርመራ እዚህ የማይበቃው ለዚህ ነው፤ የተገኘባቸው ልጆችም በቆዳ ቅንጣቢ ዘረመል ምርመራ ዳግመኛ ሊታዩ ይችላሉ።

ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም። ያለ ምክንያት መቀጠል የአዳዮችን ቀናትና የወረዳውን በጀት ይበላል። ቀድሞ ማቆም ግን በሕይወት ካሉት ጎልማሳ ትሎች በሽታው እንዲመለስ ያደርጋል፤ የብዙ ዓመት ልፋትም ይባክናል። የማቆም ውሳኔ በኢትዮጵያ የሚታየው በየወረዳው ብቻ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ኦንኮሰርኪያሲስ ማጥፊያ የባለሙያዎች አማካሪ ኮሚቴ ነው። ከቆመ በኋላም ከ3 እስከ 5 ዓመት ክትትል ይደረጋል፤ ዝንብ የወረዳ ወሰን ስለማያውቅ የአጎራባች አካባቢዎች ሁኔታ አብሮ ይታያል።

ከሀገራዊ ውሳኔ ጋር ያለው ግንኙነት

የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ጥቅል አገልግሎቶችን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ሰባት መስፈርቶችን ተጠቅሟል፦ የበሽታ ጫና፣ የወጪ አዋጭነት፣ ፍትሐዊነት፣ ቤተሰብን ከወጪ ድንጋጤ መጠበቅ፣ የበጀት ጫና፣ በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነትና ፖለቲካዊ ተቀባይነት። የካፋው እደላ ወጪና ጥቅም ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ያሳያል፤ በሽታው የሚይዘው ከመንገድና ከጤና ተቋም የራቁ የወንዝ ዳር ነዋሪዎችን ስለሆነ የፍትሐዊነት መስፈርቱ ክብደት አለው።

አዲስ መድኃኒት ሲመጣም ምዘናው እንደገና ይጀመራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ሞክሲዴክቲን እጮችን ከአይቨርሜክቲን ለረጅም ጊዜ ዝቅ አድርጎ እንደሚያቆይ በጋና፣ በላይቤሪያና በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ በተደረገ ሙከራ ታይቷል። ወደ እደላ ቢገባ የሚነጻጸረው በየስድስት ወሩ ከሚሰጠው አይቨርሜክቲን ጋር ነው፤ የሚለካውም ስንት ዙር እንደሚቀንስ፣ የአዳዮችን ስንት ቀን እንደሚያተርፍና ሥርጭቱን በስንት ዓመት እንደሚያቋርጥ ይሆናል።